በሰው አንደበት

ይድረስ እናትም እህትም ሆነሽ ላሳደግሽን ለእትዬ፤

ሰላምታዬ ከደጃፍሽ ጀምሮ እስከ ጓዳሽ ይግባልሽ። ጤናሽ እንዴት ነው? ያ ጉልበትሽ ደረጃ ስትወጪ አሁንም ይንቋቋል? ዐይንሽስ ክርና መርፌ ማገናኘት ቻለ ወይስ ዛሬም ልጆቹን ነው የምትጣሪው? ጋሼ ሳሉ ተሻላቸው? ልጆቹስ እንዴት ናቸው? የትንሿ ጥርስ በቀለ? እኔ ደህና ነኝ ብዬ ልቀጥል ነበር፤ የደብዳቤ ወጉ እንደዚያ ነውና። እጄ ግን እምቢ አለኝ። ደህና አይደለሁም፣ እትዬ።

በስልክ ስትጠይቂኝ "እየተሻለው ነው" ስልሽ የከረምኩት አንቺን ለማታለል አልነበረም። ደጋግሜ ካልኩት እውነት የሚሆን መስሎኝ ነው። ደግሞ አንቺ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገሽ ቤቱ ሙሉ እየሰማ ይህን ነገር እንዴት አውርቼ እዘልቀዋለሁ? ወደ እናንተ የሚመጣ የጭነት መኪና ሾፌር አግኝቼ በወረቀት ላኩልሽ። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

አደጋውን በቁራጭ በቁራጭ ነው የሰማሽው፤ ከሥሩ ልንገርሽ። ወንድማችን መስታወት ገጣሚ መሆኑን ታውቂያለሽ። ትልቅ መስታወት አንድ ሰው ችሎ አይሸከመውም። ሁለት ሆነው፣ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ፣ እንደ ባልና ሚስት ተናበው ነው የሚያነሱት። የሱ አጣማጅ ያ ዝምተኛው ልጅ ነበር፤ አብረው የተነሱትን ፎቶ ልኮልሽ "ይሄ ረጅሙ ማነው?" ያልሽው። አንድ ጠዋት አዲስ ሕንፃ ላይ፣ አራተኛ ፎቅ፣ የበረንዳ መስታወት ሲያስገቡ ልጁ ከነመስታወቱ ወደቀ። ሆስፒታል እንኳ አልደረሰም። ወንድማችን ከውስጥ በኩል ነበር፤ መዳፉ ተተልትሎ ተሰፋ። ከዚያ ቀን ወዲህ አንደበቱ ተዘጋ።

የኛ ወንድም ነው እኮ። በእንቅልፉ እንኳ የሚያወራው፣ አንቺ "የዚህን ልጅ አፍ በምን ክር ልስፋው?" ስትይ የነበረው። ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ሐኪሙ ጉሮሮውን አየ፣ ምላሱን አየ፣ ምንም የለበትም አለ። ከዚያ ይጠይቀው ጀመር። ትበላለህ ወይ ሲለው እኔ "ትንሽ ትንሽ" እላለሁ። ትተኛለህ ወይ ሲለው "የት ተኝቶ!" እላለሁ። በመጨረሻ ሐኪሙ ብዕሩን አስቀምጦ "እህቴ፣ አንቺን እኮ አይደለም የጠየቅኩት" አለኝ። አፈርኩ። ወንድማችን ግን ያን ጊዜም ወለሉን ነበር የሚያየው።

እኔ ከሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ስወጣ በየቀኑ ወደሱ እሄዳለሁ። አንሶላ ስተኩስ ውዬ ምግብ አቀርብለታለሁ፣ እለምነዋለሁ፣ እቆጣለሁ፣ አለቅሳለሁ። ግድግዳ ነው። አንድ ቀን ስወጣ ጎረቤቱ፣ በዚያው ግቢ የሚኖረው ፀጉር አስተካካይ፣ በር ላይ አስቆመኝና "ወንድምሽ አይናገርም እንጂ ይጽፋል" አለኝ።

ነገሩ ጨዋታ ነው፤ ላስረዳሽ። የማይተዋወቁ ሰዎች በስልክ ግሩፕ ተሰባስበው አንድ ታሪክ በጋራ ይጽፋሉ። እያንዳንዱ የራሱን ማንነት ትቶ ሌላ ሰው ሆኖ ይገባል። የነሱ ታሪክ አቀበት ሥር ተበላሽቶ ስለቆመ አውቶቡስ ነው፤ አንዱ ሾፌር ነው፣ ሌላው ነጋዴ፣ ሌላዋ ከባሏ ኮብልላ የምትሄድ ሴት። አንዱ ጥቂት መስመር ይጽፋል፣ ሌላው ከዚያ ይቀጥላል። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፦ የራስሽን ሰው ብቻ ነው የምታናግሪው። የሌላውን ሰው እጁንም አፉንም አትነኪም።

ግሩፑን ያቋቋመው ፀጉር አስተካካዩ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው ጭንቅላት ይዞ ስለሚውል ውስጡንም የሚያውቀው ይመስለዋል። ሲያስረዳኝ በዘፈን ነው የመሰለው። "አውራጅ አለ፤ እሱ ካልጀመረ ነገር የተጀመረ የማይመስለው። ተቀባይ አለ፤ ሌላው ሳያወርድ ድምፁ የማይሰማ፣ ሲቀበል ግን ዘፈኑን ዘፈን የሚያደርገው። ለኪ አለ፤ ቦታውን በክንድ ሳይለካ እግሩን የማያነሳ። ሆደ ቡቡ አለ፤ ምንም ይሁን ምን ወደ ልቅሶ የሚወስደው። ሰው ሌላ ሰው ሆኜ እጽፋለሁ ቢልም ጠባዩ ከእጅጌው ሥር ይወጣል" አለኝ። እኔን ገና ሳልጽፍ አውራጅ አለኝ። ምን እንደምሆን ሲጠይቀኝ ያውቶቡሱን ትኬት ቆራጭ ልሁን አልኩት። "ሌላ ምን ልትሆኚ ኖሯል!" እያልሽ ስትስቂ ይታየኛል።

ገባሁ። እውነትም ሰውየው እንዳለው ነው። "ነጎድጓድ" የሚሉት አንድ አለ፤ በሁለት መስመር ጎማ ያፈነዳል፣ በሦስተኛው ጎርፍ ያመጣል፣ ጎርፉ ሳይጎድል ሽፍታ ያስገባል። "ለኪዋ" የሚሏት አውቶቡሱ ስንት መስኮት እንዳለውና የትኛው እንደማይዘጋ ሳትመዘግብ ማንንም አታስወርድም። ሆደ ቡቡው ደግሞ ለፈነዳው ጎማም ያለቅስለታል፤ አጻጻፉ ግን እንዴት ያምራል፣ ስንቴ እዚያው ካውያው አጠገብ ዕንባዬን አስመጥቶታል።

ወንድማችንን በጽሑፉ ስፈልግ ከነጎድጓድ ጋር ሊያያዝ የሚችል አንድ ለፍላፊ ነበር የጠበቅኩት። አይደለም። እሱ ከኋላ ወንበር ላይ ጭኑ ላይ ጥቅል አስቀምጦ የተቀመጠ ሰው ነው። ሌላው እስኪናገር ይጠብቃል። ጎርፍ ሲመጣና ሁሉም ሲራኮት እሱ ጎንበስ ብሎ የአንዲት አሮጊት ጫማ ከውሃው ያነሳል። ሰው ሲነጫነጭ "ቀስ እንበል፤ አውቶቡሱ እንደሆነ ጥሎን አይሄድ" ይላል፤ ሌላ አይጨምርም። ሁሉም ይወዱታል። አጭር መስመር ጽፎ የሌላውን ሐሳብ ያቃናለታል። እኔ ግን ስልኩን ይዤ "ይሄ የኛ ልጅ አይደለም" እላለሁ። ፀጉር አስተካካዩን ብጠይቀው "ኀዘን አውራጁን ተቀባይ ያደርገዋል፤ አይቻለሁ" አለኝ። አመንኩት። የወንድማችን ድምፁ ብቻ ሳይሆን ጠባዩም የተቀበረ መሰለኝ።

እንግዲህ ታውቂኛለሽ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የተባለው ለኔ ነው። ትኬት ቆራጯ በየመስመሩ ያን የኋላ ወንበር ሰው ትነዘንዘው ጀመር፦ ወዴት ነው የምትሄደው፣ ጥቅሉ ውስጥ ምንድነው፣ ለምን አታወራም። እሱ አንድ ቃል ይመልስና መስኮት ያያል። ሰው ሁሉ ይገባዋል፤ እኔ ግን አይገባኝም። አንድ እሁድ ከሰዓት በኋላ፣ ከሱ ክፍል ምግቡን እንደቀረበ መልሼ የወጣሁ ቀን፣ የማይነካውን ነካሁ። በሱ ሰው አፍ ጻፍኩ። "የኋላ ወንበሩ ሰው ድንገት ብድግ አለ፤ ጥቅሉን ወርውሮ ጮኸ፤ የሆዱን ሁሉ ዘረገፈው" ብዬ ላክሁት። እንዲጮህ ፈልጌ ነው፣ እትዬ። አንድ ጊዜ ጮሆ እንዲወጣለት። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ላጠፋው ስል ሁሉም አንብበውታል። ነጎድጓድ እንኳ ትንፍሽ አላለም። ከቆይታ በኋላ ከወንድማችን አንድ መስመር መጣ፦ "እሱ አይጮኽም። በሕይወቱ ጮሆ አያውቅም።" ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

ማታውን ክፍሉ አልነበረም። በማግስቱም አልነበረም። ሸሚዙ ሽቦው ላይ ተሰቅሏል፣ አልጋው ተነጥፏል፤ እሱ አልጋ አንጥፎ የሚያውቅ ሰው አይደለም።

የሆንኩትን ልነግርሽ ቃል የለኝም። ከሥራ ቀረሁ፤ አለቃዬ ቢያባርረኝም የማልሰማ ነበርኩ። ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ፤ የለበሰውን ልብስ ሲጠይቁኝ ማስታወስ አቃተኝ። በየድልድዩ ላይ ቆሜ ቁልቁል አየሁ። በየመንገዱ ጀርባው የሚመስለውን ሁሉ ተከትዬ ትከሻ ነካሁ፤ ሰዎቹ ዞረው ፊቴን ሲያዩ ይደነግጣሉ። አንቺ ያን ቀን ደውለሽ "እንዴት ዋለ?" ስትዪኝ ከሆስፒታል በር ላይ ቆሜ ነበር "ደህና ነው" ያልኩሽ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ፀጉር አስተካካዩ ሱቁን ዘግቶ ግሩፑን ጠራ። በጽሑፍ ብቻ የማውቃቸውን ሰዎች በአካል ያየኋቸው ያኔ ነው። ያ ጎርፍና ሽፍታ አምጪው ነጎድጓድ መዝገብ ቤት የሚሠራ ቀጭን ሰው ነው፤ ሲያናግሩት ጆሮው ይቀላል። እሱ ነው ሞተር ሳይክል ተውሶ ሆስፒታል ለሆስፒታል የዞረው። እኔ ልገባ ያልደፈርኩበት ሬሳ ክፍል እሱ ገብቶ ወጣና፣ ቃል ሳያባክን ከሩቅ ጭንቅላቱን ግራ ቀኝ ነቀነቀልኝ። ለኪዋ ከተማውን በመንገድ በመንገድ ከፋፍላ ለያንዳንዳችን ሰጠችን። ሆደ ቡቡው ግን ስልኩን ዘጋ። ለጎማ ያለቀሰው ሰው ለሰው መምጣት አልቻለም። አልፈረድኩበትም፤ ያለውን ሁሉ እዚያ ጽሑፉ ላይ ጨርሶት ይሆናል። ጠባይ በጽሑፍ ይወጣል ያለው ፀጉር አስተካካይ ራሱ ግራ ገብቶት ነበር። ሰው የሚጽፈው ያለውን ነው ወይስ የጎደለውን? እኔ እንጃ።

የሚኬድበት ሁሉ ሲያልቅ የቀረኝ የማልደፍረው በር ነበር፤ የሟቹ ልጅ እናት። ልብስ የሚጠግኑ ሴት ናቸው፤ አንድ ክፍላቸው ውስጥ የስፌት መኪናቸው መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። ወንድማችን ከቀብሩ ወዲህ እዚያ ረግጦ አያውቅም። ገብቼ "ወንድሜ እዚህ መጥቶ ነበር ወይ?" አልኳቸው። "አልመጣም፤ እኔም ለምን እንደቀረብኝ እያሰብኩ ነበር" አሉኝ። ከዚያ ፊቴን አይተው ወንበር ሰጡኝ። ጨዋታውን ነገርኳቸው፤ የጻፈውን ላንብብልዎት ወይ ብላቸው መኪናቸውን አቁመው አዳመጡኝ።

"ቀስ እንበል፤ አውቶቡሱ እንደሆነ ጥሎን አይሄድ" የሚለው ጋ ስደርስ መነጽራቸውን አወለቁ። "ድገሚው" አሉ። ደገምኩት። "ይህን ማን ነገራችሁ? የኔ ልጅ ነው እንዲህ የሚለው። 'ቀስ እንበል' ይላል፤ ስቸኩል 'እማ፣ ቤቱ እንደሆነ ጥሎሽ አይሄድ' ይለኛል።" ቀጠልኩ። የአሮጊቷን ጫማ ስነግራቸው ሳቁ፣ ያው ሳቃቸው ወደ ልቅሶ ሄደ። "ልጄ ነው። አቀማመጡም እሱ ነው። ከኋላ ነው የሚቀመጠው፤ የያዘውን ነገር ጭኑ ላይ ነው የሚያኖረው" አሉኝ።

ያኔ ገባኝ፣ እትዬ። ወንድማችን ጠባዩ አልተለወጠም። የራሱን ጠባይ ውጭ አስቀምጦ ነው የገባው። ላጣው ጓደኛው ወንበር ይዞለት፣ በሱ ዝግታ እየተናገረ፣ በሱ ዐይን እያየ፣ እዚያ አውቶቡስ ውስጥ እንዲኖር አድርጎት ነበር። እኔ ያስጮኽኩት የሞተውን ልጅ ነው።

እማማ አልገሰጹኝም። መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁና "እኔም ከዚያ አውቶቡስ ውስጥ መግባት ይቻለኛል?" አሉ። መጻፍ ስለማይሆንላቸው እሳቸው እያሉ እኔ ጻፍኩ፤ አንዲት ልብስ የምትጠግን ተሳፋሪ ሴት ሆነው ገቡ። ቃላቸውን አንድም ሳልነካ ነው የላክሁት፤ እንዳልነካ ጣቴን ነክሼ። "ልጄ፣ ከኋላ ብቻህን ለምን ተቀመጥክ? ቦታ ይዤልሃለሁ፤ ቀስ ብለህ ና።"

ስልኩ ዝግ ስለነበር መልእክቱ አልደረሰም። ያን ቀን አልደረሰም፣ ሌሊቱንም አልደረሰም። ስልኬን እያየሁ ሥራ ገብቼ አንድ ሙሉ አንሶላ አቃጠልኩ። ከሰዓት ላይ መድረሱን የሚያሳየው ምልክት ብቅ አለ። ዘግይቶ ደግሞ አንድ ቃል፦ "መጣሁ።"

ካውያውን ትቼ ሮጥኩ። እማማ ደጅ ስደርስ እሱ በር ላይ ቆሟል። ጢሙ አድጓል፣ ከንፈሩ ደርቋል፣ ጫማው ላይ የሲሚንቶ ብናኝ አለ። ከየትኛው ሕንፃ እንደመጣ አልጠየቅኩትም። ብናኙን አየሁት፣ አራተኛውን ፎቅ አሰብኩ። እማማ ከፈቱ። እሱ ግን አልገባም፤ እዚያው ደፉ ላይ እንደቆመ አፉን ከፈተ። ድምፁ የሱ አይመስልም፤ የዛገ ነገር ሲጎተት ዓይነት። "ይዘሃል ወይ አለኝ፤ ይዣለሁ አልኩት። አልያዝኩም ነበር። ቀስ እንበል ብሎኝ ነበር። እኔ ቸኮልኩ" አለ።

እኔ ደረጃው ላይ ነበርኩ፤ እትዬ፣ አንድ ነገር ልል አፌ ተከፍቷል። ልከላከልለት ነው፣ ልለምንለት ነው፣ አላውቅም። የሐኪሙ ቃል ትዝ አለኝና አፌን በእጄ ያዝኩ። እማማ የበሩን እጀታ ያዙ። ፊታቸው ሲገረጣ አየሁት። ከዚያ "ዛሬ አልችልህም" አሉት። "ዛሬ ሂድ። ነገ ግን እንዳትቀር።" በሩን ዘጉ፤ ከውስጥ ልቅሷቸው ይሰማ ነበር።

ያን ሌሊት እንዴት እንደነጋልን አትጠይቂኝ። ፀጉር አስተካካዩ ከሱ ክፍል በር ፊት ወንበር አውጥቶ ተቀመጠ፤ እኔ ከውስጥ። በማግስቱ ሄደ። እማማ ከፈቱለት። እኔ ውጭ ደረጃው ላይ ተቀምጬ የስፌት መኪናዋ ስትሄድና ስትቆም ሰማሁ። ስትቆም የሱ ድምፅ ይሰማል። ልጃቸው ሥራ ቦታ እንዴት ይውል እንደነበር ከጠዋት ጀምሮ ንገረኝ ብለውት እንደነበር እማማ ኋላ ነገሩኝ። ከዚያ ወዲህ ይሄዳል። አንዳንድ ቀን ወጥቶ ግድግዳ ተደግፎ ያስመልሰዋል። አንዳንድ ቀን እሳቸው በሩን አይከፍቱለትም፤ ተቀምጦ ጠብቆ ይመለሳል። ይቅር ብለውታል ልልሽ አልችልም። ይቅር ይሉታልም ልልሽ አልችልም።

እኔን እስካሁን አያናግረኝም። አውቶቡሱ አሁንም እዚያው አቀበት ሥር ቆሟል፤ የኋላ ወንበር ባዶ ነው፤ ማንም አልነካውም። እኔ ግሩፑ ውስጥ ሁሉም ከጻፈ በኋላ ብቻ ነው የምጽፈው። ቃል ስጽፍ እጄን እፈራዋለሁ። ሥራ ላይ ሆኜ በር በተንኳኳ ቁጥር መርዶ ይመስለኛል። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም፣ እትዬ፤ ዛሬ ከእማማ ቤት ቢመለስ ነገ ወዴት እንደሚሄድ በምን አውቃለሁ?

ባለፈው "እጁን ይዘሽ አምጪልኝ" ብለሽኛል። እንደምትመጪም ዝተሻል። እግርሽ ላይ ወድቄ ልለምንሽ፤ አትምጪ፣ ና ብለሽም አትጥሪው። አንቺም እንደኔ አውራጅ ነሽ፤ እኔ ከማን ተማርኩት? ይልቅ ጻፊለት። ለምን ሆነ፣ ምን ሆንክ አትበይው። ስለ ቤቱ ጻፊ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጋሼ ሳል፣ ስለ ትንሿ ጥርስ። መልስ ባይመጣም ጻፊ። የጀመርሽውን ሳትጨርሺ ትተሽለት፣ እሱ ከፈለገ የሚገባበት ቦታ ይኑረው። ከዚህ የተሻለ ምክር የለኝም፤ ይህም ይሁን አይሁን አላውቅም።

የጋሼን ጉልበት በኔ ፈንታ ሳሚልኝ፤ መድኃኒታቸውን በግማሽ እንዳይተዉ። ትልቁ ልጅሽ ከትምህርት እንዳይቀር፤ ትንሿን ጉንጭሽን ነክሼዋለሁ ብላሻለች በያት። አክስቴ ደብዳቤ ለምን ላንቺ ብቻ እንደመጣ ብትጠይቅ ሰላም ብላሻለች ብቻ በያት፤ ይህን አታንብቢላት። ጎረቤቶቹን ሁሉ፣ ስሜን የሚጠራውን ሁሉ ሰላም በይልኝ።

እዚህ ላይ ደርሼ ልጨርስ ስል ወንድማችን ከእማማ ቤት መጥቶ በር ላይ ቆመ። እኔ ቀና አላልኩም፤ እየፈራሁ መጻፌን ቀጠልኩ። ወረቀቱን አየ፣ ቆየ፣ "ለማን ነው?" አለኝ። ለእትዬ ነው አልኩት። ሌላ ቃል አልጨመርኩም። ጫማውን አውልቆ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠና፣ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ "ሰላም በያት" አለኝ። ስለዚህ ሰላም ብሎሻል፣ እትዬ። በገዛ አንደበቱ ነው ያለው።

የምትወድሽ ታናሽ እህትሽ

ከወንድማችን ክፍል፣
ሰኔ ፲፬ ቀን፣ ወደ ማምሻው